ከንፈር ይግጠም፣ ጥርስ አይንካ

ኅዳር 3 ቀን 2018፣ መርሳ

ዛሬ ክፍል ውስጥ «ላ» ማለት አቃተኝ። የአንደኛ ክፍል መምህርት «ላ» ማለት ካቃታት ምን ቀራት? አፌን ስከፍት ከግራ ጆሮዬ ሥር ቀጭ አለና መንጋጋዬ እዚያው ቆመ፤ አይከፈት፣ አይዘጋ። ልጆቹ የማስተምራቸው መስሏቸው እነሱም አፋቸውን እንደኔ ግማሽ ከፍተው ቆሙ። ክፍል ሙሉ ሕፃን አፉን ግማሽ ከፍቶ በዝምታ ሲያይ ደስ አይልም። አገጬን በመዳፌ ደግፌ ወደ ጎን ስገፋው ተመለሰ።

ሳኝክ ያመኛል። ሳዛጋም ያመኛል። ብርድ ነው ብዬዋለሁ። ይህ የትምህርት ዝግጅት መጻፊያ ደብተር ነበር፤ ከኋላው ጀመርሁት። ባሌ ሂሻም ሚኒባሱን ይዞ ወልድያና መርሳ ሲመላለስ ይውላል፤ ሲመጣ ብነግረው «ምን በልተሽ ነው?» ከማለት አያልፍም።

ኅዳር 5፣ ጁምዓ

ሰላምታ የማደርስበት ቀን ነው። እስካሁን ለራሴ እንኳ በደንብ ብዬው አላውቅም፤ እስቲ ዛሬ ልጻፈው።

የሂሻም ታናሽ ወንድም ኡበይደላ ሞቷል። ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከግራና ከተማ ልጆች ጋር ወጥቶ የመን በረሃ ላይ ቀረ። ጅዳ ያለው ወንድሜ መስከረም ላይ ደውሎ ነገረኝ። እንዴት እንደሞተ እሱም አልሰማም፤ መሞቱን ብቻ ነው። ሂሻም አለቀሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አጎቱን ሐጂ አብዱልሐሊምን ጠራ። ሐጂ አሰቡበትና የእነ ሂሻም እህት ኢብቲሳም ጥር ላይ ኒካሕ አላት፣ መርዶ ከሰርግ በፊት ቤት አይገባም፣ ልጅቷ በሰላም ትውጣና እናቲቱን በወጉ እናረዳታለን አሉ። ወጉ ወግ ነው፤ እኔም አልተቃወምሁም። እናቲቱ «ልጄ ደወለ?» ሲሉ ምን ይባላል የሚለው ሲመጣ ግን ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። ወንድሟ ጅዳ ነው፣ ስልክ የሚመጣው በእሷ ነው አሉ። ስለዚህ ኡበይደላ ሳዑዲ፣ ጂዛን ታስሯል፤ ስልክ ተወስዶበት በሰው በሰው ሰላምታ ይልካል። ይህን የፈጠሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የምናገረው እኔ ነኝ።

አማቴ እማማ አሲያ ከኛ ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰን ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። ዛሬም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በራቸው ላይ ቆሜ «ኡበይደላ ሰላም ብሎዎታል» አልሁ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ፤ ቀጥለውም ጤናው እንዴት ነው አሉኝ።

ደህና ነው ማለት ነበረብኝ። አገጬ ቀጭ ሲል ግን «አገጩን ያመዋል እንጂ ደህና ነው» አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። አፍ የቀረበውን ነው የሚያወጣው። እማማ አሲያ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና «እንዳንቺው?» አሉ።

ስለ አገጬ ለማንም አልነገርሁም ነበር።

ኅዳር 8

ቀጭ። ሻይ ስጠጣ። ቀጭ። «ተቀመጡ» ስል። የፊተኛው ወንበር ላይ ያለችው ልጅ መቁጠር ጀምራለች። ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይህ ነው።

ኅዳር 11

ሂሻም ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት ሲነሳ ጥርሴን ሳፋጭ እንደሰማኝ ነገረኝ። እንደ ወፍጮ አለ። እኔ ግን ነቅቼ ነበር። እሱ ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ እንጂ አልተኛሁም። ነቅቼ ሳለሁ ሳላውቀው አፋጭቼ ይሆናል። ሰው የራሱን ጥርስ ሳያውቅ ያፋጫል ወይ? እንግዲህ አፋጭቻለሁ ማለት ነው።

ኅዳር 12፣ ጁምዓ

ሰላምታ አደረስሁ። ዛሬ ስለ ጤናው አልጠየቁም። «ያለበት ቦታ ጠባብ ነው?» አሉ።

እስር ቤት ነውና ጠባብ ነው አልሁ።

«ብርሃን ይገባዋል?»

ትንሽ ትንሽ ይገባዋል አልሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይገባዋል ስል ዕንባዬ መጣ። ከአገጬ ሕመም ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ግራና ሄጄ መጣሁ። ወጌሻ ዘንድ የላኩኝ ራሳቸው እማማ አሲያ ናቸው፤ «አያ ወልዴ የወለቀ ሁሉ ይመልሳል፣ የኡበይደላንም ክንድ በልጅነቱ የመለሰው እሱ ነው» አሉ። አያ ወልዴ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸው አጭርና ወፍራም ነው። ደጃቸው ላይ በርጩማ አስቀመጡኝና ከኋላዬ ቆመው አንገቴን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ፤ ከዚያ ሁለት አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተው መንጋጋዬን ቁልቁል ተጫኑት። የጮህሁት ጩኸት ከኔ አይመስልም ነበር። ቀጭ ሳይሆን ግው አለ።

ከዚያ ነጭ ሻሽ አወጡ። ከአገጬ ሥር አሳልፈው በጆሮዬ ላይ ወደ አናቴ አውጥተው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። እስከ ማክሰኞ አትፍቺው፣ አትናገሪ፣ ፈሳሽ ብቻ ጠጪ አሉኝ። ሁሉን ሲያደርጉ አያወሩም። ልጃቸውም ከኡበይደላ ጋር የወጣ ነው፤ ከየመን ይያዝ አይያዝ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ሊጠይቁኝ ፈልገው እንደነበር ዓይናቸው ያስታውቃል። አፌ ታስሯል። አልሐምዱሊላህ አልሁ በልቤ።

መኪና ውስጥ ሰው ሁሉ አየኝ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ቤት ስደርስ እማማ አሲያ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። ከዚያ ተነስተው መጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ማን ነው እንዲህ ያሰረሽ?» አሉ። መናገር አልችልም፤ በእጄ ወደ ግራና አመለከትሁ። ሻሹን ሊፈቱት ቋጠሮውን ፈለጉ። ቋጠሮው እንቢ አላቸው። በጥርሳቸው ፈቱት። ራሴ ደረታቸው ላይ ሆኖ፣ ጥርሳቸው ከጆሮዬ አጠገብ ሲሠራ እሰማዋለሁ።

«በሕይወት ያለ ሰው አገጭ አይታሰርም» አሉ ሲጨርሱ። ሻሹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

እኔስ ይህን ማሰብ አቅቶኝ ነው? በእኛ ወግ አገጩ በጨርቅ ወደ ላይ የሚታሰረው አፉ ተከፍቶ እንዳይቀር የሞተ ሰው ነው። መንገዱን ሁሉ እንደ ጀናዛ ታስሬ ነው የመጣሁት፤ ከሁሉ ደግሞ ወደ እሳቸው ደጅ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የአያ ወልዴ ነገር ሁለት ቀን አሻለኝ፣ ከዚያ ባሰብኝ። ሂሻም ወልድያ ወሰደኝ። የግል ክሊኒክ ነው፤ መልካሙ የሚባል ባለሙያ አለ፤ አንገትና ወገብ በእጅ የማስተካከል፣ ካይሮፕራክቲክ የሚሉትን ሙያ ተምሯል። ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። አፌን እንድከፍት ነግሮኝ የራሴን ጣቶች ደርቤ በጥርሶቼ መካከል እንዳስገባ አዘዘኝ። ለጤነኛ ሦስት ጣት ይገባል አለ። የኔ አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ጥፍሩ ላይ ቀረ።

አስተኝቶ አንገቴን ከራስ ቅሌ ሥር ያዘና በቀስታ ጎተተ፤ አንገትና መንጋጋ አብረው ነው የሚታመሙት አለ። ከዚያ ጓንት አድርጎ ጉንጬን ከውስጥ በአንድ ጣቱ ተጭኖ ያዘ። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሥጋ እዚያ እንዳለ አላውቅም ነበር። ሲላላ ተሰማኝ። ሳላስበው ለቅሶ መጣብኝ። እሱም እንዳላየ ሆነ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል አለ፣ እንደ ተራ ነገር።

የሰጠኝ ትእዛዝ፦ ቆሎ የለም፣ ሸንኮራ የለም፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ። ደግሞም አንድ ነገር እንደ ልጆቼ አስደግሞ አስጠናኝ፤ «ከንፈር ይግጠም፣ ጥርስ አይንካ።» ሰው ዝም ሲል ጥርሱ መነካካት የለበትም አለ። የኔ ጥርስ ግን ቀን ከሌት እንደተናከሰ ነው። ማታ የምነክሰው ፕላስቲክም አሠራልኝ።

«ጥርስሽን ስትነክሺ የሚሰማሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ምንም አልሁት።

ታኅሣሥ 1

ፕላስቲኩን አፌ ውስጥ አድርጌ ተኛሁ። ለሱብሒ ነቃሁ። ድምፁ አለ። ግርርር ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ግርርር። ጥርሴን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ተላቆ ነው ያለው፣ በመካከሉ ፕላስቲክ አለ። ሂሻም እኔን እያየ ነው። እኔም እሱን። ድምፁ ከግድግዳው ነው የሚመጣው።

አይጥ ነው አልሁት። የእህሉን ከረጢት እየበላው ይሆናል።

ታኅሣሥ 3፣ ጁምዓ

ሰላምታ።

«በቀኝ ጎኑ ነው የሚተኛው?» አሉ። አዎ አልሁ። «ማን አለ ከጎኑ?» የአገሩ ልጆች አሉ አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎረቤት ካለው ጥሩ ነው።»

የአይጥ መርዝ ልገዛ መሆኑን ነገርኋቸው። «አይጥ የለም» አሉ።

ታኅሣሥ 9

እማማ አሲያ የኡበይደላን ብርድ ልብስ ለመስጊድ ሰጡት። ሊመጣ ነው፣ አዲስ ሊገዙለት ነው አልሁ ለኢብቲሳም። እሷ ምስኪን የምታስበው ስለ ቬሎዋ ነው፤ «አንቺ ስትስቂ ለምን ግማሽ ፊትሽ ብቻ ይስቃል?» አለችኝ።

ከዓሥር ሶላት በኋላ ጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠርተው እማማ አሲያ ክፍል ያሲን የሚባለውን የቁርአን ምዕራፍ ቀሩ። ተምር ታደለ። ያሲን ለሞተ ብቻ አይደለም የሚቀራው፤ ለታሰረ ሰውም፣ ለመንገደኛም ይቀራል። ሐጂ አብዱልሐሊምም ተገኝተው ነበር። ሲወጡ ጠጋ ብለው «ጎበዝ፣ ምንም አልነቃችም» አሉኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እኔ ዶሮዋን አየሁ እንጂ የማንን ሆድ እንደሚሉ አላውቅም።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

በደንብ ልጻፍ።

ጠዋት እማማ አሲያ ነጩን ሻሽ አጥበው፣ ተኩሰው ሰጡኝ። የሰው ጨርቅ ቤት አይክረም፣ ውሰጂለት አሉ። ግራና ሄድሁ። አያ ወልዴ ደጅ ስደርስ በርጩማው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከሲታ ነው፣ ፊቱ ከስሏል። ልጃቸው አበባው ነው። ከየመን ተይዞ፣ ታስሮ፣ ሐሙስ ዕለት ነው ቤቱ የገባው። የኡበይደላ ወንድም ሚስት መሆኔን አባቱ ሲነግሩት ተነሳ። መቆም ከብዶት ተመልሶ ተቀመጠ።

ልጠይቀው አልፈለግሁም ነበር። ግን አልጠየቀችኝም ብሎ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ የተሸከመውን ሊያወርድ ነው የመጣው። ነሐሴ ላይ ነው አለ። ኡበይደላን የዛገ ብረት እግሩን ወጋው። ትንሽ ቁስል ናት፣ ሳቁባት። ከቀናት በኋላ አንገቱ ደረቀ፣ ከዚያ አፉ አልከፈት አለ። ውሃ እንኳ በጥርሱ መካከል አልገባለት አለ።

«መንጋጋ ቆልፍ ነው» አለ አበባው። «የአባቴን እጅ እያየሁ ነው ያደግሁት። አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ላስከፍተው ሞከርሁ። እንቢ አለኝ።»

አያ ወልዴ መሬት መሬት ያያሉ።

ሌሎቹ ልጆች ሲያጣጥር የእምነቱን ቃል፣ ሸሃዳውን አሉለት። አበባው ክርስቲያን ነው፣ ቃሉን አያውቅም፤ ግን ሲያልፍ አፉ ላላና ተከፈተ፣ አሸዋ እንዳይገባበት ብሎ የራሱን ፎጣ ቀዶ አገጩን አሰረለት። አባቱ በሚያስሩት አኳኋን ከአገጭ ወደ አናት። በቀኝ ጎኑ አስተኝተው፣ ቀድመው የሞቱ ሦስት የአገራችን ልጆች በተቀበሩበት አጠገብ ቀበሩት።

ሻሹን ለአያ ወልዴ ሰጥቼ መጣሁ። መንገዱን አላስታውሰውም።

ታኅሣሥ 19

«አገጩን ያመዋል» ያልሁት እኔ ነኝ። ኅዳር 5። ከፍ ብሎ ተጽፏል፣ መልሼ አነበብሁት። ማንም አልነገረኝም ነበር። በቀኝ ጎኑ። የአገሩ ልጆች ከጎኑ። ሁሉንም እኔ አልሁት፣ ሁሉም ሆኖ ተገኘ።

ቀድሞ ስለሞተ ነው። የሆነ ነገር ነው ያልሁት እንጂ ብዬው አይደለም የሆነው። ይህን ስጽፍ ጥርሴ ተናክሷል።

ታኅሣሥ 24፣ ጁምዓ

በራቸው ላይ ቆምሁ። አፌ አልከፈት አለ። የሕመም አይደለም፤ ዝም ብሎ አልከፈት አለ። እንደሱ። ቆሜ ቀረሁ።

እማማ አሲያ ከሶላት ምንጣፋቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ዛሬ አልደወለም?» አሉ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ተይው። ደክሞት ይሆናል። አንቺም ደክሞሻል።»

ታኅሣሥ 25፣ ወልድያ

መልካሙ አንገቴን ጎተተ፣ ጉንጬን ከውስጥ ያዘ፣ ፎጣ አሞቀ። ብዙ ቆይቶ ተላቀቀ። ሁለት ጣት ገባ።

እጁን እየታጠበ ሳለ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ አላቅቀዋለሁ፣ አንቺ ይዘሽው ትመለሻለሽ። የምትይዢው ነገር ካለ፣ እኔ ዘንድ ሳይሆን የሚመለከተው ሰው ዘንድ አውርጂው።»

የፈተና ወረቀት በዝቶብኝ ነው አልሁት። እሱም ለፈተና ወረቀት ጥርስ ይህን ያህል አይናከስም አለ። ተናደድሁበት። እጁን ከአፌ አውጥቶ ነገሬ ውስጥ ምን ይከተዋል?

ጥር 5

ሰርጉ ደረሰ። ድንኳን። ድምፅ ማጉያ። ሐጂ አብዱልሐሊም መርዶውን የሚያረዱ ሽማግሌዎችን ከወዲሁ መርጠዋል፤ ሰርግ ሲያልፍ ጥር 26 ንጋት ላይ ብለዋል። በአንድ አፍ ድግስና መርዶ ይነጋገራሉ። ጥርስ አይንካ፣ ጥርስ አይንካ።

ጥር 13

ቀን ነው፣ ሁሉም ገበያ ወጥቷል። እኔና እማማ አሲያ ብቻ ቀርተናል። ሙቅ ፎጣዬን ከእጄ ተቀበሉኝና «ነይ፣ እኔ ልያዝልሽ» አሉ። አልጋቸው ላይ ቁጭ አልሁ፣ ከኋላዬ ተቀምጠው ፎጣውን በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ያዙ። እጃቸው የጠነከረችዋን ሥጋ ራሷን አገኛት። መልካሙ ጓንት አድርጎ የፈለጋትን።

«ጥርስሽን አላቅቂ» አሉ።

አላቀቅሁ።

«አገጩን ማን አሰረለት?»

ድምፃቸው ምስር ስንት ተሸጠ እንደሚል ሰው ነበር። አልዞርሁም። ፎጣው መቀዝቀዝ ጀምሯል።

አፌ ተከፈተ። «አበባው» አልሁ። «የአያ ወልዴ ልጅ። በራሱ ፎጣ።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ብረቱን፣ ውሃው አልገባም ያለውን፣ ሸሃዳውን፣ በቀኝ ጎኑ መተኛቱን። አበባው ሊያስከፍተው መሞከሩን ስናገር እጃቸው ጉንጬን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉ። አላለቀሱም። እኔም አላለቀስሁም፤ እሳቸው ሳያለቅሱ ማን አባቴ ነኝ?

መቼ አወቁ አልኋቸው።

«የመጀመሪያዋ ጁምዓ ነዋ። ሰላም ብሎዎታል አልሽኝ። የኔ ልጅ ሰላምታ ልኮ ያውቃል? ደውሎ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ‹አሮጊቷ አለች ወይ?› ነው የሚለው። እንዲህ ሳይል የቀረበት ቀን የለም።» ፎጣውን ገለበጡት። «ሐጂ ወጉን ሊጠብቅ ነው፣ እኔም ሰርጉን ልጠብቅ አልሁ። ልጄን በለቅሶ አልድራትም። አንቺ ግን መሐል ገብተሽ ተሰበርሽ። አየሁሽና ዝም አልሁ። አፉ በይኝ።»

አፉ አልኋቸው። አፌ እንዴት ተከፍቶ እንዳለው አላውቅም።

ከዚያ ነገራቸውን ሁሉ አስተካከሉት። አርብ ሰላምታውን እንዳላስቀር፤ ኢብቲሳም ትሰማለችና። አበባው ሰርጉ ላይ እንዲጠራ፤ ለክርስቲያኖቹ የሚታረደው በግ ለብቻው እንዲበስል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡም አዲስ እንደሰማ ሰው እንደሚሆኑ። «ሐጂ ከመስከረም ጀምሮ ደክሞበታል» አሉ፣ ፈገግም ያሉ መሰለኝ።

ማታ ደግሞ ከግድግዳው ግርርር። የአይጡን መርዝ ጣልሁት።

ጥር 15፣ ጁምዓ

ኢብቲሳም ባለችበት፣ እጇ ሂና ተቀብቶ፦ «ኡበይደላ ሰላም ብሎዎታል። ኢብቲሳምን እንኳን ደስ አለሽ ብሏል።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ እማማ አሲያ። ኢብቲሳም አለቀሰች፣ ወንድሟ ሰርጓ ላይ ባለመኖሩ። እማማ አሲያ ፊቷን በጨርቅ ጠረጉ። መንጋጋቸው ከጆሯቸው ሥር እንደ እንቁላል ተቋጥሮ አየሁት። እስካሁን አይቼው አላውቅም ነበር፣ ወይም አይቼው ነበር።

ጥር 17፣ እሑድ

ሰርጉ አለፈ። ደከመኝ። እልልታ የጀመሩት እማማ አሲያ ናቸው፤ የሚያህላቸው አልነበረም። አበባው መጣ፣ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እማማ አሲያ የክርስቲያኖቹን ምግብ በራሳቸው እጅ አምጥተው አቀረቡለት፣ እንዳይነኩበትም ተጠንቅቀው ሳህኑን ብቻ ያዙ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ገልብጠው አውራ ጣቶቹን አዩ። ሳሟቸው። ሰው የአገር ወግ መስሎት አለፈ።

ኢብቲሳም ስትወጣ ሳቀችልኝ። «ዛሬ ሙሉ ፊትሽ ሳቀ» አለችኝ።

ጥር 26

ንጋት ላይ መጡ። ሐጂ አብዱልሐሊም ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ። ሂሻም በሩን ሲከፍት እማማ አሲያ ለብሰው፣ ምንጣፉን ሁሉ አንጥፈው፣ ለሰው መቀመጫ አዘጋጅተው ጨርሰዋል። ሐጂ ይህን ሁሉ እያዩ አላዩትም። አላህን አመስግነው፣ ስለ ሰው ልጅ መመለሻ ተናግረው፣ ቀስ ብለው አረዱ። በወጉ ነው ያረዱት፣ ይህን መካድ አልችልም።

እማማ አሲያ አለቀሱ። ያስመስላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማስመሰል አልነበረም። መስከረም ላይ ያልወጣው ነው የወጣው። አፋቸው ተከፍቶ ድምፅ ሳይወጣ ብዙ ቆየ፣ ልክ ልጆቼ ያን ቀን አፋቸውን ከፍተው እንደቆሙት። ሮጬ ደርሼ አገጫቸውን በመዳፌ ደገፍሁት። ቀጭ አለ። የኔ አይደለም። ከዚያ ድምፁ መጣ።

ሐጂ ሲወጡ ለሂሻም እስከ ዛሬ መደበቃችን ደግ ሆነ፣ አላህ አገዘን ሲሉት ሰማኋቸው።

ጥር 29፣ ጁምዓ

ለቅሶ የመጣው ሰው እየቀነሰ ነው። ጠዋት መልካሙ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሦስቱም ጣት ገባ። ዳግም ካልያዝሽው አትምጪ አለኝ። ስለ እማማ አሲያ አገጭ ነገርሁትና በሚቀጥለው ሳምንት አምጫቸው አለ።

መንገድ ላይ ፓፓያ ገዛሁ። ቤት ስገባ ሶላት አልቋል። እግሬ በልማድ ወደ በራቸው ወሰደኝ። ምን ልል እንደቆምሁ ሳላውቅ ቆምሁ። የማደርሰው ሰላምታ የለኝም። ልመለስ ስል ከምንጣፋቸው ላይ ሆነው፣ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ፣

«ሁሪያ፣ ዛሬስ ምን አለ?» አሉ።

አእምሯቸው ተነካ ብዬ ደነገጥሁ። ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ንጹሕ ነበር። ይጠብቁ ነበር።

«‹አሮጊቷ አለች ወይ?› አለ» አልሁ። አገጬ አልጮኸም።

«አለች በይው» አሉ።

ፓፓያውን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሰጠኋቸው። አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ሁለታችንም ቀስ ብለን በላን።